ልጅ በሁለንተናው ሲማር



ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ አእምሮውን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እጁንና ልቡን ጭምር ይዞ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ የማስታወስ ኀይሉን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን ከደጅ ያቆየዋል። ፈተና በቀረበ ቁጥር አስቀድሞ የሚሠረዘው የሥዕልና የመዝሙር ክፍለ ጊዜ ነው።

የአባቶች ትምህርት መንገድ እንዲህ አይደለም። በዜማ ቤት ተማሪው ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በጆሮው ሰምቶ በድምፁ ይመልሳል፤ በአቋቋም ቤትም ያንኑ ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ያስማማዋል። በቅኔ ቤት ደግሞ የሰሙትን መድገም አይበቃም፤ ተማሪው ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ የራሱን አዲስ ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማልም። እንግዲህ ኪነ ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ ነው ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ጉድለትም ነበረ፤ ሴቶች ልጆች ወደዚያ እምብዛም አልገቡም፤ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን የሚንቅ ልማድም የእጅን ጥበብ ከትምህርት ለይቶ አኖረው።

በምሥራቅ አፍሪካ ወይዘሮ ማርጋሬት ትሮዌል በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በማኬሬሬ የሥነ ጥበብ ትምህርት ጀመሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበሩት ግሪጎሪ ማሎባ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ኡጋንዳ ነፃ ስትወጣ በካምፓላ የቆመውን፣ ሕፃን ወደ ላይ የሚያነሣውን የነፃነት ሐውልት ሠሩ። በአዲስ አበባም አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። ሆኖም እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ፍሬ የሚያገኘው ዘሩ በአንደኛ ደረጃ ሲዘራ ነው።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የዓባይን ጉዞ በጭቃ የሠራ ልጅ ካርታውን አይረሳውም፤ ከበሮ እየመታ ግማሽንና ሩብን የቈጠረ ልጅ ክፍልፋይን አይፈራም፤ ስንደዶ ይዛ ሙዳይ የምትሰፋ ልጅም ክብንና ልክን በጣቶችዋ ታውቃለች። በክፍል አፉን የማይከፍተው ልጅ በከሰል በሣለው ሥዕል ሐሳቡን ይገልጣል። ሒሳብና ንባብ በዚህ አይጐድሉም፤ ይልቁንም ይጸናሉ።

ስለዚህ ኃላፊዎች ይህን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት እንዳይሰጡት፣ የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ማንኛውንም ዕጩ መምህር መዝሙርና የእጅ ሥራ ሳያስተምሩ እንዳያሰናብቱ ይገባል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በልጅነቱ ሳያቦካ ያደገ ሰው፣ ነገ ለአገር ራት የሚሆነውን በምን እጁ ያቦካል?