«ይበል» የሚባለውና የሚታረመው፤ ስለ አድማጮች አስተያየት

(በመሐል ሜዳ ለተሰበሰቡ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን አልፎ እዚህ የደረሰ እንግዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚጠብቀው ብርድ ወዲያውኑ የመንዝን ዝተት ያስመኘዋል። እኔም ትናንት ገበያ ወጥቼ አንድ ዝተት ገዛሁ። በጣቴ ዳበስሁት፤ ክብደቱን መዘንሁት፤ «ግሩም ነው» ብዬ ዋጋውን ከፈልሁ። ሸማኔው ግን በምስጋናዬ እምብዛም አልተደነቀም። «ከርመው ቢነግሩኝ ይሻላል» አለኝ። ዛሬ ልናገርበት የመጣሁትን ጉዳይ እኔ በብዙ ቃል ከማብራራው ይልቅ እርሱ በሦስት ቃል ጨርሶታል።

እንደሚታወቀው በየስብሰባችን ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ወረቀት ይታደላል። በውጭ አገር ባሉ አንዳንድ የፕሮግራም አዘጋጆች ጉባኤዎች ደግሞ አድማጩ ሲወጣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ካርድ በሣጥን ውስጥ ይጥላል። ዘዴው ቀላልና ፈጣን ነው፤ የአዘጋጁንም ሥራ ያቃልላል። በእኛ ዘንድ ግን ሁለት እክሎች ይገጥሙታል። ስም የሚጻፍበት ሲሆን ይሉኝታ ሁሉንም 5 ያደርገዋል፤ ተናጋሪው የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ወይም የአብሮ አደጋችን ወንድም ነውና። ስም የማይጻፍበት ሲሆን ደግሞ ፊት ለፊት ተገናኝተን የማንወረውረውን ቃል በወረቀት እንወረውራለን። ከሁለቱም ተናጋሪው የሚማረው ነገር የለም።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ አነስተኛ ጉባኤ አዘጋጅ ነበርሁ። አንድ ወጣት ባለሙያ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሥዕሎቹ በጽሑፍ የተጨናነቁ፣ ጉዳዩም ደረቅ ነበር። ዋና ምክሩ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተመልሶ ተጭኖ ያልተፈተነ ቅጂ እንደ ቅጂ ሊቆጠር አይገባም የሚል ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ተናጋሪ አዳራሹን በሣቅ አናወጠው። ነጥቡን ደምሬ አማካዩን አወጣሁ፤ ወጣቱ ከሁሉ በታች ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አልጋበዝሁትም። ለምን እንዳልተጠራ በደብዳቤ ቢጠይቀኝ «የአድማጮች ውሳኔ ነው» ብዬ መለስሁለት፤ ከዚያ በኋላ በማንኛውም መድረክ ላይ አላየሁትም።

ዓመቱ ሳይሞላ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሸ። ቅጂው በየሌሊቱ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ሲሰጠን ከርሟል፤ ልንመልሰው ስንሞክር ግን አልከፈት አለ። የተረፈልን አንዲት የሥራ ባልደረባችን ያንን አሰልቺ ንግግር ከሰማች በኋላ በየወሩ መልሳ እየጫነች ስትፈትነው የነበረው የአንድ ክፍል መዝገብ ብቻ ነው። በንግግሩ ዕለት ስንት ነጥብ ሰጥተሽው ነበር ብዬ ጠየቅኋት። «2» አለችኝ። «እንቅልፌ መጥቶ ነበር» ስትልም አልዋሸችም።

ነጥቧ ሐሰት አልነበረም፤ የተጠየቀችው ደስ ብሎሻል ወይ ተብላ ነው። ሐሰተኛው፣ ያንን መልስ ጠቅሞሻል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርጌ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ስለ ሥልጠና ግምገማ መጻፍ በጀመሩ ጊዜ የሠልጣኙን ስሜት፣ የተማረውን፣ በሥራው ላይ ያሳየውን ለውጥና የመጨረሻውን ውጤት ለያይተው አስቀምጠዋል። እኛ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመን ስለ አራተኛው እንፈርዳለን።

ነገሩ ምን ያህል ሊያስት እንደሚችል በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. የተደረገና በ1973 ዓ.ም. የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ አንድ ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» ብለው ሰየሙና ስለማያውቀው ጉዳይ፣ ማለትም የሒሳብ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ለሐኪሞች ትምህርት ስላለው ጥቅም፣ እርስ በርሱ በሚጋጭና ፍሬ ቢስ በሆነ ቃል እንዲናገር አሠለጠኑት። ንግግሩን በሦስት ቡድን ሆነው የሰሙት 55 ሰዎች የተማሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሰጡትም አስተያየት በአብዛኛው መልካም ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር አዳራሹን በሣቅ ያናወጠው ተናጋሪ ትዝ ይለኛል፤ ምን እንደ ተናገረ ግን አላስታውስም።

እንግዲህ ከውጭ ብቻ መማር የለብንም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ በዙሪያው ተቀምጠው ይሰማሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ሰምና ወርቁ ካልተገጣጠመ፣ ግሡ ካልተስማማ መምህሩ ስሕተቱ ያለበትን ቃል ለይቶ ያርመዋል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። «አሰልቺ ነህ» የሚል እርማት የለም። ቅኔው በሠመረ ጊዜ «ይበል!» ይባላል፤ «ይበል» ማለት ደግሞ ይቀጥል፣ ይድገም ማለት ነው እንጂ ጭብጨባ ብቻ አይደለም። ቅኔ ቤት ሁልጊዜ ርኅሩኅ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን እርማቱ ሰውዬውን ሳይሆን ሥራውን ይይዛል።

የአድማጭን ዋጋ በጣም ያስገነዘበን ሌላ አጋጣሚ አለ። «አይሲኤልአር» በመባል የሚታወቀው የማሽን ትምህርት ጉባኤ፣ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በውጭ አገር ቪዛ ይከለከሉ ስለነበር፣ ከሚያዝያ 18 እስከ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። የኮቪድ ወረርሽኝ መጣና ሁሉም በኢንተርኔት ሆነ። ንግግሮቹ አስቀድመው ተቀረጹ። ተናጋሪው ግንባሩን የሚቋጥር፣ ራሱን የሚነቀንቅ ወይም የሚያዛጋ ሰው ሳያይ ተናገረ። ጉባኤው ወደ አፍሪካ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ያም በኪጋሊ እንጂ በአዲስ አበባ አልነበረም። ከዚህ ጉባኤ የምወድለት ግን አንድ ልማድ አለ፤ ለሚቀርቡት ጽሑፎች የሚሰጠው የገምጋሚዎች አስተያየት ከነ ጸሐፊው መልስ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይነበባል። ገምጋሚው ስሙ ባይገለጥም፣ ቃሉ እንደሚነበብ ስለሚያውቅ ምክንያቱን ለመጻፍ ይገደዳል።

ከዚህ ከተማ አጠገብ ያለውን የጓሳን መሬት የምታውቁት ከእኔ ይበልጥ ነው። በቀድሞው የቀሮ ሥርዓት፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና የሚከፈተው ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ነበር። እኛ ግን ንግግሩ ባለቀ በአምስተኛው ደቂቃ ማጭድ ይዘን እንገባለን።

ስለዚህ ዛሬ በወንበራችሁ ላይ የተቀመጠው ወረቀት ነጥብ የለውም። ከሰማችሁት ውስጥ ያልገባችሁ የትኛው ቦታ ነው? የማትስማሙበትስ? በመሥሪያ ቤታችሁ የምትሞክሩት ነገር አለ? ይኸው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ወረቀት በፖስታ ይደርሳችኋል፤ የሞከራችሁትንና የሆነውን እንድትጽፉ ነው። ለዚያ ወጣት ባለሙያም ባለፈው ወር ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ መልሱ ገና አልመጣም። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። እርሳስ ያጣ ሰው ካለ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያገኛል።