ከፋሲል ግንብ አጥር ውጭ ያለችው ጎንደር

በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ እንግዶቻችን ሁለት ቀን ትርፍ ጊዜ አላቸው፤ ግንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሌላ የሚታይ ነገር ይንገሩልን» ብለውኝ ነው እዚህ የቆምኩት። እኔ አስጎብኚ አይደለሁም። ሳኒታሪያን ነኝ፤ በ1962 ዓ.ም. ከዚሁ ከኮሌጃችን የወጣሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ምንጭ በማጎልበትና ሽንት ቤት በማስቆፈር ነው። ስለዚህ ስለ ነገሥታቱ ስናገር ብሳሳት፣ የታሪክ መምህራን ሻይ ላይ አርሙኝ፤ መድረክ ላይ ግን ማሩኝ።

ፋሲል ግንብን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና የፋሲልን መዋኛ ዛሬ አልነካም። እነሱን ለማየት ምክር አያስፈልግም። መዋኛው ጋ ስትሄዱ ግን ሁሉም ሰው የግንቡን አጥር ሰንጥቀው የወጡትን የዛፍ ሥሮች ፎቶ ሲያነሳ፣ እናንተ ከአጥሩ ውጭ ያለችውን ጉልላት ያላትን ትንሽ ግንብ ፈልጉ። የዞብል መቃብር ይሏታል። ዞብል ፈረስ ነው። ለፈረሱ ግንብ የሠራ ከተማ ሌላ የት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ እሱም ቁስቋም ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ።

ተማሪ ሳለን አልጋችን ጎን ለጎን የነበረ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። የቁስቋም ሰፈር ልጅ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 6፣ የቁስቋም ዕለት፣ «እናቴ ጠላ ጠምቃለች፣ ና እንሂድ» ይለኛል። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ነበረብኝ። ሁለተኛው ዓመት ለመስክ ሥልጠና ቆላ ድባ ወርደን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ምንም ምክንያት አልነበረኝም፤ ፒያሳ ሲኒማ ገባሁ። እውነቱ ይኸው ነው። «ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን፤ ጎንደር ውስጥ አርባ አራት ታቦት አለ፣ የትኛውን አይቼ እዘልቀዋለሁ» ብዬ ነበር። ከኮሌጁ ቁስቋም በእግር ምን ያህል ነው? ለእኛ ለያኔዎቹ ጎረምሶች ምንም አልነበረም።

ጓደኛዬ በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ቀን ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የእኛ ዘመን ሰዎች ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ።

ቁስቋም የሄድኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከተመረቅሁ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይዛኝ የወጣችው የጓደኛዬ ታናሽ እህት ናት፤ ያኔ እግር ሥር የምትሮጥ ሕፃን ነበረች፤ አሁን አያት ሆናለች። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከተራራው ግርጌ ነው። የአፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ፣ ባላቸው ሞተው ልጃቸው ቋረኛ ኢያሱ ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡ፣ አገር የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ። ግንቡን ከከተማው ግርግር ወጣ አድርገው እዚያ አሠሩት። ፋሲል ግንብ ሲያዩት ያስፈራል፤ የምንትዋብ ግንብ ግን ጌጥ ይወዳል። ግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎችና ቅርጾች ተለጥፈውበታል። ጣሪያው የለም። ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል፣ በስንጥቁ ውስጥ ቁጥቋጦ ገብቷል። ሥር የሰደደ ተክል ድንጋይን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስንት ያጎለበትኩት ምንጭ በሾላ ሥር ተሰንጥቆብኛል! ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የጎንደር ቅርሶች አንዱ ነው። እኛ በሄድንበት ቀን ግን ከእኛ ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

አሁን ሳኒታሪያኖች ጆሯችሁን ስጡኝ።

በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ገባ። ያዕቆብ ይሉት ነበር። ከተማዋ ያኔ በደም የተለወሰች ነበረች። የምንትዋብን የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስን ራስ ሚካኤል ስሁል ካስገደሏቸው ዓመት አልሞላም። እኚያው ራስ ሚካኤል ደግሞ የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል፣ የእቴጌዋ አማች ናቸው። ምንትዋብ ቁስቋም ተቀምጠው ሐዘናቸውን ያለቅሳሉ። በዚያ ላይ ፈንጣጣ ገባ። የቤተ መንግሥቱ ልጆች ታመሙ፤ የአስቴርም ልጅ ታመመ። ብሩስ ሐኪም አልነበረም፤ ጥቂት ሕክምና የቀሰመ መንገደኛ ነው። ግን ፈረንጅ ሁሉ መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ወደ ቁስቋም ተጠራ።

ያደረገውን በመጽሐፉ ጽፎታል። የተዘጋጋውን በርና መስኮት አስከፈተ። ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከልጆቹ የሞቱ አሉ፤ የዳኑም አሉ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ አየር ማናፈስና ንጽሕና ብለን እዚህ ኮሌጅ ሦስት ዓመት የተማርነው፣ ከዶርማችን በእግር በሚደረስ ቤት ውስጥ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ተሠርቷል። ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ ለምን መሰላችሁ? ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ፣ ጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። ከእኛ ሳኒታሪያኖች ብዙዎቻችን እዚያ ገባን። በበጌምድርና ስሜን ተራራ ለተራራ፣ የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለባትን ካርድ ይዘን በየገበያው «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያልን ዞርን። ሁለት ጫፍ ያላትን መርፌ ስንቱ ክንድ ላይ ሰክቻለሁ! ክትባት አንፈልግም ያለ ስንት ሽማግሌ ለምኛለሁ! ያኔ ስለ ቁስቋም ባውቅ ኖሮ፣ «አባቴ፣ ይህ በሽታ የምንትዋብን ቤት እንኳ አልማረም» ብዬ በነገርኳቸው ነበር። የመጨረሻው የአገራችን ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ኩራታችን ነው፤ ይህን እንኳ ለመምህራኑ ደግሜ ልናገር፣ ለአሁኖቹ ተማሪዎች ቁስቋም ላይ ቆማችሁ ብታስተምሩት አንድ ክፍለ ጊዜ አይበዛበትም።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1880 ዓ.ም. በድርቡሾች ከተቃጠሉት አንዱ ነው፤ አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የእቴጌዋን፣ የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን አጽም ያሳዩዋችኋል። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ናቸው። እዚያ ስንቆም የጓደኛዬ እህት ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እማዬ እስክትሞት ድረስ ኅዳር 6 በመጣ ቁጥር የወንድሜን ብርጭቆ አጥባ ትደፋ ነበር። የእርስዎንም» አለችኝ። የእኔን? አንድም ቀን ሄጄ አላውቅማ! ጓደኛዬ ግን «ዘንድሮ ይመጣል» እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ አስደፍቶልኝ ኖሯል። ምን ብዬ ልመልስላት?

እሺ፣ ወደ ሌላው እንለፍ።

ፒያሳ አጠገብ ያለውን ራስ ግንብ እዩ። የራስ ሚካኤል ስሁል መኖሪያ ነበር ይባላል። ቁስቋምን ካያችሁ በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ የአልቃሿንና የአስለቃሹን ቤት በአንድ ቀን ታያላችሁ። በደርግ ዘመን እስር ቤት እንደነበረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። መግባት የከበዳችሁ አትግቡ፤ እኔ ራሴ በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ነው የገባሁት።

ፒያሳን ራሱን ደግሞ አንገት ቀና አድርጎ ማየት ነው። እኛ ያኔ አንገታችንን የደፋነው ኪሳችን ውስጥ ሳንቲም ፍለጋ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ሲቆይ፣ የከተማውን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ማዕዘናቸው የተከበበው ቤቶች የዚያን ጊዜ ናቸው። ጣሊያን በአገራችን በመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የወራሪን ሥራ ማድነቅ ይከብዳል፤ ግን ሕንፃው አሁን የእኛ ነው፤ ሲፈርስም የሚፈርሰው የእኛ ነው።

ወለቃ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በደባርቅ መንገድ። ተማሪ ሳለን ጀበና የምንገዛው ከቤተ እስራኤል ሴቶች ነበር። እጃቸው ጭቃ ውስጥ እንዳለ ቀና ሳይሉ ዋጋ ይከራከሩ ነበር፤ እኛም አምስት ሳንቲም ለማስቀነስ ግማሽ ቀን እንቆም ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እነሱ በ1977 በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በነበሩት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። የዳዊት ኮከብ ያለበት የጸሎት ቤታቸው ግን አለ። ሸክላውን ዛሬ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ባለፉት ዓመታት ጎብኚ ስለጠፋ ሥራቸው ተቀዛቅዟል፤ ስለዚህ ስትገዙ እንደ እኛ እንደ ያኔዎቹ አትከራከሩ።

ጊዜ የተረፈው በቀሃ ወንዝ በኩል ወደ አዲስ ዓለም ይውረድ፤ ከአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ የሙስሊሞች ሰፈር ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ አንገረብ ግድብን ሳታዩ እንዳትሄዱ። ማንም እንደ ቅርስ አይቆጥረውም። የከተማዋ ሰው የሚጠጣው ውኃ በደለል እየተሞላ ነው፤ ዳገቱን ቀና ብላችሁ ስታዩ ደለሉ ከየት እንደሚመጣ ወዲያው ይገባችኋል። ስለዚህ ጉዳይ ከመምህራኑ ጋር ማታ በእራት ላይ እንነጋገር፤ እዚህ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ቁስቋም የምትሄዱ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በዋናው በር እንገናኝ። ጉልበት የሚያማችሁ በባጃጅ፣ ሌላው በእግር። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም፤ ሴቶች ነጠላ ያዙ። የጓደኛዬ እህት ቡና አፍልታ ትጠብቀናለች። ከሃያ ሰው ከበለጥን ግን «ስኒ ይዘው ይምጡ» ብላለች።