የግቢ መብራትና የጎረቤት ዐይን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መብራት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስለ ማዳረስ እንደሚሆን ይገባኛል። በኩራዝ የሚያመሹ አያሌ ቀበሌዎች ባሉበት አገር መብራት ስለሚገደብበት ደንብ መናገር የጠገበ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ይኸንኑ ነው። በአንዲት አነስተኛ የገጠር መንደር የሚኖር ባለ ይዞታ በደጁ፣ በአጥሩና በግቢው የሚሰቅለው መብራት በምን ዐይነት ደንብ ሊመራ ይገባዋል? ጥያቄው የሚያስቸኩለው ኤሌክትሪክ ወደ አንድ መንደር በገባበት ሳምንት አምፖሉ ወዴት እንደሚያይ ስለሚወሰንና ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የሚነካው ሰው ስለማይኖር ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ በማኬንዚ ወረዳ፣ ቴካፖ በሚባል ሐይቅ ዳር ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ያሏት መንደር ትገኛለች። አገሩ በግ የሚረባበት ደረቅ ሜዳ ነው። ከመንደሪቱ በላይ ባለው በማውንት ጆን ኮረብታ ላይ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ በ1965 ተቋቋመ። የነዋሪዎቹ ብርሃን የጣቢያውን ሥራ እንዳያበላሽም በ1981 የውጭ መብራት ደንብ ወጣ። ደንቡ «አታብሩ» አላለም። መብራት ከአግድም መስመር በላይ እንዳይፈስስ እንዲሸፈን፣ ሰማያዊ ጨረር የሚበዛባቸውም አምፖሎች እንዲገደቡ ነው ያዘዘው። ነገሩ ከኃይል እጥረት የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በሐይቁ ውሃ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ1951 ጀምሮ እዚያው ከመንደሪቱ አጠገብ ይገኛል። ደንቡ በወጣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ በ2012፣ ከ4,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የአካባቢው ሰማይ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ክልል ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ።

ደንቡ በእነዚህ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኮረበት ምክንያት ለሙያችን ሰዎች እንግዳ አይደለም። በቀጥታ ወደ ላይ የሚወጣ ብርሃን አየሩን በአጭሩ ሰንጥቆ ይሄዳል። ከአግድም መስመር ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ የሚወጣው ግን በአየሩ ውስጥ ረዥም መንገድ ስለሚጓዝ በየሞለኪውሉና በየአቧራው እየተበተነ ብዙ ኪሎ ሜትር ድረስ ሰማዩን ያነጣዋል። የሞለኪውሎቹ መበተን ደግሞ ከሞገድ ርዝመት አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 600 ናኖሜትር ከሆነው ብርቱካናማ ሦስት እጥፍ ያህል ይበተናል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖል እየረከሰ በመሄዱም ቁጠባው ወደ ብዛት ተለውጧል። ከ2012 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በሳተላይት የተለካው በሰው ሠራሽ ብርሃን የሚበራ የምድር ስፋት በየዓመቱ በ2.2 በመቶ ጨምሯል።

ሌላዋ ምሳሌ ሳርክ ናት። በእንግሊዝ ቻናል ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ጠረፍ ማዶ የምትገኝ፣ ስፋቷ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ መኪና የማይነዳባት ደሴት ናት። የመንገድ መብራት የላትም፤ ስለዚህ በሌሊት የሚታየው ብርሃን ከሞላ ጎደል የባለ ቤቶች ብርሃን ነው። በ2011 የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ደሴት ለመባል የበቃችው የየቤቱ የውጭ መብራት ተመርምሮና ብዙ ባለ ይዞታዎች መብራታቸውን ወደ መሬት አዙረው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጥፋቱን በማዘጋጃ ቤት ላይ መጣል አይቻልም።

በበኩሌ ከእነዚህ ባለ ቤቶች የምማረው ነበረኝ። ከዓመታት በፊት ከበሬ በላይ ባለ 50 ዋት ባውዛ አሰቅዬ በሥራዬ ስኮራ፣ ጎረቤቴ የሆኑት እናት አንድ ጧት በትሕትና፣ «ልጄ፣ የእርስዎ መብራት ልጆቼን አላስተኛ አለ» አሉኝ። በዚያው ምሽት ከደጃቸው ቆሜ ስመለከት ያየሁት የራሴን ግቢ ሳይሆን የአምፖሉን ፍሬ ብቻ ነበር። እጄን በግንባሬ ላይ አድርጌ ብርሃኑን ስከልለው አጥሬና በሬ ወዲያው ተገለጡልኝ። ሌባ ቢኖር ኖሮ ከባውዛው ሥር ቆሞ ማንም አያየውም ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር ማለፍ አይገባኝም። የገጠር ሰው መብራት የሚሰቅለው ለጌጥ ሳይሆን ጅብንና ሌባን ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ጥናቶቹ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። በእንግሊዝና በዌልስ በ62 የአካባቢ አስተዳደሮች የተደረገውና በ2015 የታተመው ጥናት የመንገድ መብራት በመቀነሱ ወንጀልም ሆነ የመኪና አደጋ ለመጨመሩ ማስረጃ አላገኘም። በኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ መኖሪያ ሰፈሮች ብርቱ መብራት ተተክሎ በ2019 የቀረበው ሙከራ ደግሞ በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል ከሢሶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ሁለቱም ስለ ገጠር ደጃፍ አልተጠኑም። ስለዚህ የፈራውን ሰው «አጥፋ» ከማለት «አዙር» ማለቱ ይሻላል እላለሁ፤ ወደ መሬት የዞረ ብርሃን የሚፈለገውን ስፍራ ይበልጥ ያበራልና።

ታዲያ ደንቡ እንዴት ይጻፍ? የእኛ ሙያ ድክመት እዚህ ላይ ይታየኛል። በሉመንና በኬልቪን ብቻ የተጻፈ ደንብ መለኪያ መሣሪያ በሌለው ቀበሌ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የቀለሙ ሙቀት ከ3,000 ኬልቪን እንዳይበልጥ መወሰኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ አምፖሉ በሱቅ ሳለ በካርቶኑ ላይ የሚነበብ እንጂ ከተሰቀለ በኋላ የሚዳኝ አይደለም። ሽማግሌዎች ሊዳኙት የሚችሉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «በጎረቤት ደጃፍ ለቆመ ሰው የበራው መሬት ይታየው እንጂ የአምፖሉ ፍሬ አይታየው።» ሠፈሩ ተዳፋት ሲሆን ከበታች ያለው ጎረቤት ፍሬውን ያየዋል፤ በዚህ ጊዜ ሽፋኑ በዚያ ወገን ጠለቅ ማለት አለበት። ሽፋኑን ማንኛውም ቆርቆሮ ሠሪ ሊቈርጠው ይችላል፤ ኤል ኢ ዲ ሙቀቱን ማስወጫ ስለሚፈልግ ግን ፈጽሞ መታፈን የለበትም። አዲስ የሚሰቀል መብራት ከዕለቱ ጀምሮ ለደንቡ ይገዛ፤ የቆየው አምፖሉ ተቃጥሎ ሲለወጥ ይስተካከል። ድኻውን ባለ ይዞታ በአንድ ቀን አስወጣ ማለት ደንቡን ማስጠላት ነው።

በአገራችን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለችው አዲስ አበባ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ብርሃኗን ታበዛለች። ለሌላ መመልከቻ ጣቢያ በላሊበላ አካባቢ ያሉት ከፍተኛ ተራሮች ሲጠኑ ቆይተዋል። በእነዚያ ተራሮች ሥር ያሉ መንደሮች የውጭ መብራት ሲሰቅሉ መጀመሪያ የሚያማክሩት ባለሙያ ሽቦ ዘርጊውን ነው። ማኅበራችን አንድ ገጽ የማይበልጥ የደንብ ረቂቅ አዘጋጅቶ፣ መስመር ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ለየቀበሌው ሽማግሌዎችና ለሽቦ ዘርጊዎቹ እንዲያደርስ አሳብ አቀርባለሁ። ዐረፍተ ነገሩን የሚያሻሽልልኝ ካለም ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እጠብቃለሁ።