ገዝቶ ማደግና ጠብቆ መያዝ



ዛሬ የምንናገረው ቮዳፎን ስለሚባለው የእንግሊዝ አገር የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኩባንያው የስልክ አገልግሎቱን በ1985 ዓ.ም. በአገሩ ጀመረ። ባሕር ተሻግሮ የተስፋፋው ግን ይበልጡን ሌሎች ያቋቋሙትን በመግዛት ነው። በ1999 የአሜሪካውን ኤርታች ጠቀለለ፤ በ2000 ደግሞ የጀርመኑን ማኔስማን የራሱ አደረገ። ማኔስማን በ1890 የብረት ቧንቧ ለመሥራት የተመሠረተ ስመ ጥር ድርጅት ስለ ነበረ፥ በባዕድ እጅ መግባቱ በጀርመን ታላቅ ክርክር አስነሣ። ገዢው የፈለገው የስልኩን ሥራ ብቻ ስለ ነበረ፥ የቀሩት ክፍሎች ለሌሎች ተሸጡ።

ይሁን እንጂ መግዛትና ማስተዳደር አንድ አይደሉም። ኩባንያው የጃፓኑን ቅርንጫፍ በ2006 ሸጠ። በ2007 በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገባበት የሕንድ ገበያም በዋጋ ፉክክርና በግብር ሙግት አደከመው። በ2014 የአሜሪካ ድርሻውን በ130 ቢሊዮን ዶላር ለቀቀ፤ በ2024 ደግሞ የእስፓኝና የኢጣልያ ሥራዎቹን ሸጠ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ይታወሳል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2022 በአገራችን አገልግሎት የጀመረውን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ካቋቋሙት መካከል፥ የቮዳፎን ቤተሰብ የሆነው ቮዳኮም ይገኝበታል። ስለዚህ የኩባንያን ታላቅነት በገዛው ብዛት ብቻ አንመዝን። ባለቤት ይለዋወጣል፤ ለአገር የሚቀረው የሠለጠነ ሠራተኛና የተዘረጋ መሥመር ነው።