ማሽኑ የት እንዳለ ያውቃል? ስለ ኢንኮደር ትንሽ ወሬ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንጀራዬ ነው። የምሠራው እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ሲ.ኤን.ሲ. ላይ ነው፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጠው ማሽን ማለት ነው። ከጻባ የወጣችሁ ልጆች «ምን ልማር?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ከምክር በፊት አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ጀማሪ ሳለሁ በሌሊት ሚሽሜሬት መብራት ጠፋ። መሰርሰሪያው ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ «ሆሚንግ አድርግ» አለኝ፤ መነሻዬን ልፈልግ ማለቱ ነው። እኔም ሳላስብ መጀመሪያ ኤክስን ላክሁት። መሰርሰሪያው ቀጭ አለ፣ የብዙ ሰዓት ሥራም ተበላሸ። መጀመሪያ ዜድን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ማውጣት ነበረብኝ። ግን ማሽኑ ለምን ቦታውን ረሳ?

እስቲ ከታሐና መርካዚት አውቶቡስ ተሳፈራችሁ እንበል። ፌርማታውን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እንቅልፍ ወሰዳችሁ። ስትነቁ የት ናችሁ? አታውቁም። ኢንክሪሜንታል ኢንኮደር እንዲህ ነው። ሁለት ምልክት ይልካል፣ ኤ እና ቢ። አንዱ ካንዱ በሩብ ዑደት ስለሚቀድም ኮንትሮለሩ ሞተሩ በየት በኩል እንደዞረ ያውቃል። ዲስኩ 2,500 መስመር ቢኖረው፣ ከእያንዳንዱ መስመር 4 ለውጥ ስለሚነበብ በአንድ ዙር 10,000 ቁጥር ይሰጣል። ሞተሩ አንዴ ሲዞር ጠረጴዛው 10 ሚሊሜትር ከሄደ፣ አንዱ ቁጥር 1 ማይክሮን ነው። በጣም ጥሩ! ግን መብራት ከጠፋ ቆጠራው ጠፋ። ስለዚህ ወደ መነሻው ስዊች ይሄዳል፣ ከዚያ በየዙሩ አንዴ የሚመጣውን የዜድ ምልክት ይዞ «ዜሮዬ እዚህ ነው» ይላል። ይህ ዜድ የምልክት ስም ነው፣ ከዜድ አክሲስ ጋር እንዳታምታቱት።

አብሶሉት ኢንኮደር ደግሞ አይቆጥርም፤ የፌርማታውን ስም ያነባል። ቢተኛም ሲነቃ ሰሌዳውን አይቶ ያውቃል። 17 ቢት ከሆነ በአንድ ዙር 131,072 የተለያየ ቦታ አለው። ግን አውቶቡሱ ክብ መስመር ቢሆንስ? ሰሌዳው ፌርማታውን እንጂ ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆናችሁ አይነግራችሁም። ለዚህ መልቲተርን ያስፈልጋል፤ ዙሩንም የሚያስታውስ። አንዳንዱ ዙሩን በጥርስ (በጊር) ይይዛል፣ ሌላው ደግሞ በባትሪ።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ! የባትሪ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቸል አትበሉ። ብዙ ማሽን ላይ ባትሪ የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ እያለ ነው። አጥፍታችሁ ባትሪውን ከነቀላችሁ ዙሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ዜሮን እንደገና በእጅ ማስተካከል ነው። የማሽኑን መመሪያ ሳታነቡ አትንኩት።

ሁለተኛው ወጥመድ ገንዘብ የሚያስከፍል ነው። አሮጌ ማሽን የሚያድሱ ሰዎች አብሶሉት ሰርቮ ሞተር ይገዙና «አሁን ሆሚንግ ቀረ» ይላሉ። ኮንትሮለሩ ወደ ድራይቩ ፐልስ እና አቅጣጫ ብቻ የሚልክ ከሆነ አልቀረም! ድራይቩ ቦታውን ያውቃል፣ ለኮንትሮለሩ ግን የሚነግርበት መንገድ የለውም። ቦታው እንዲደርስ እንደ ኢተርካት ያለ መገናኛ፣ ወይም ኮንትሮለሩ ራሱ ኤንዳት፣ ቢስ ወይም ኤስ.ኤስ.አይ. ማንበብ አለበት። ያለዚያ ትርፍ ከፍላችሁ መልሳችሁ ሆሚንግ ነው።

ሦስተኛው፦ አብሶሉት ማለት የበለጠ ልክ ማለት አይደለም። ኢንኮደሩ ሞተሩ ጀርባ ላይ ከሆነ የሚያውቀው ሞተሩን ብቻ ነው። ቀበቶው ቢንሸራተት፣ መጋጠሚያው ቢላላ፣ ቦልስክሩ በሙቀት ቢረዝም አያይም። ጠረጴዛውን ራሱን ማየት ከፈለጋችሁ ጠረጴዛው ላይ የሚገጠም መስመራዊ ስኬል ያስፈልጋል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለትንሽ ማሽን፣ መነሻው ቅርብና ነጻ ከሆነ፣ ኢንክሪሜንታል ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ኮንትሮለርም ይቀበለዋል። ሆሚንግ አደጋ በሚያመጣበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሮቦት ክንድ ወይም ብዙ አክሲስ ያለው ትልቅ ማሽን ላይ፣ አብሶሉት ዋጋውን ያወጣል።

ይህ ሙያ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። ሚስጋቭ ያለው ኔትዘር አብሶሉት ኢንኮደር ይሠራል፤ ኤልሞ ፔታሕ ቲክቫ፣ ኤ.ሲ.ኤስ. ሚግዳል ሃዔሜቅ የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ይሠራሉ። እዚህ ቤር ሼቫም ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲና ሳሚ ሻሙን ኮሌጅ ምህንድስና ያስተምራሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ያን ሌሊት ለሚሽሜሬቱ አለቃ መደወል እችል ነበር። አፈርኩ። «ኢትዮጵያዊው ልጅ አያውቅም» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ማሽኑ እንኳ «የት እንዳለሁ አላውቅም» ብሎ በቀይ ጽፎ ነበር፤ የተደበቅሁት እኔ ነኝ። ወላጆቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ እኔ ላይ የቀረው አንድ መሰርሰሪያና የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። በማግስቱ ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አሁን ለናንተ የነገርኳችሁን ከሀ ጀምሮ አስረዳኝ።

ጠይቁ፣ አትፈሩ። ደህና ሰንብቱልኝ!