የማይፈጨው ወፍጮ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው በጋ ከሮተርዳም በጀልባ ተሳፍረን ኪንደርዳይክ የሄድን ጊዜ አንዲት እናታችን የነፋስ ወፍጮዎቹን አይተው፣ «ታዲያ ዱቄቱ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን። እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዛሬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ በኔዘርላንድ እህል የሚፈጩ፣ ዘይት የሚጨምቁ፣ ግንድ የሚሰነጥቁ የነፋስ ወፍጮዎች ነበሩ። የኪንደርዳይኮቹ ግን ስማቸው ወፍጮ ይሁን እንጂ አንዲት ፍሬ አይፈጩም። ሥራቸው ውሃ ማውጣት ነው። አካባቢው በወንዞች መካከል ያለ ረግረጋማ መሬት ነው። ገበሬዎቹ ቦይ ቆፍረው ውሃውን ሲያንጠፈጥፉት መሬቱ እየደረቀ ዝቅ እያለ ሄደ፤ ወንዙ ደግሞ በደለል ከፍ እያለ መጣ። በመጨረሻ ውሃው ራሱ ወደ ወንዙ መፍሰስ አቃተው። ዛሬ እዚያ ከቆሙት 19 ወፍጮዎች አብዛኞቹ በ1738 እና በ1740 የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ባለወፍጮው ክንፎቹ ላይ ሸራ ይዘረጋል፤ የወፍጮውንም አናት በረጅም እንጨት ስቦ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ክንፎቹ ሲዞሩ በውስጥ ያሉት ባለጥርስ የእንጨት መዘውሮች ኃይሉን ወደ ታች ያወርዱና ትልቅ የውሃ መንኮራኩር ያንቀሳቅሳሉ። መንኮራኩሩ ውሃውን ከፍ የሚያደርገው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ውሃው ከፍ ባለ ማጠራቀሚያ ይቆይና የሌክ ወንዝ ዝቅ ሲል በሩ ተከፍቶ ይለቀቃል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር፣ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር።

ባለወፍጮው ከነቤተሰቡ የሚኖረው እዚያው ወፍጮው ውስጥ ነበር። ክንፎቹ መልእክትም ያደርሱ ነበር። አንዱ ክንፍ ከላይኛው ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከቆመ ደስታ ነው፤ ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን ነው። ጎረቤት ከሩቅ አይቶ ያውቃል። የእድራችን ጡሩምባ ትዝ አለኝ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የበለጠ ያስጨነቀኝ «ይህን ሁሉ ማን ከፈለው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የከፈሉት ባለመሬቶቹ ናቸው፤ በጋራ። በዚያ አካባቢ የውሃ ማኅበር በቆንስላ ወይም በንጉሥ ግምጃ ቤት ሳይሆን በአባላቱ መዋጮ የቆመ ነው፤ ታሪኩም እስከ 1277 ይደርሳል። ውሃ ሰው አይመርጥም፤ የአንዱ ግድብ ከተሸነቆረ የሁሉም ማሳ ይጠፋል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነበር። የድርሻውን ግድብ መጠበቅ ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለ መሬቱንም ግዴታውንም ይወስዳል። በየዓመቱ እያጉረመረምን የምንከፍለው የውሃ ቦርድ ግብር የዚያ መዋጮ ልጅ ነው።

በ1868 በእንፋሎት የሚሠሩ ፓምፖች ተተከሉ፤ ኋላም የናፍጣና የኤሌክትሪክ መጡ። «አሁን ወፍጮ ምን ያደርግልናል?» ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን ወፍጮዎቹ አልፈረሱም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ ሸራቸው እንደገና ተዘርግቶ ውሃውን አወጡት።

እህቶቼ፣ ይህን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው አጀንዳ የክፉ ቀን ገንዘባችንን እንከፋፈለው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልተነካ ነው። ያቀረቡትን አልወቅስም፤ ኑሮ ተወዷል። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሣጥኑ ሞልቷል ተብሎ ገንዘቡ ለበዓል ድግስ ሲውል የሒሳብ ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ። ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ክፉ ላለመባል ዝም አልኩ። በወሩ የአንዲት እህታችን እናት አገር ቤት አረፉ። ሣጥኑ ባዶ ነበር። ስልክ እየደወልን የቲኬቱን ገንዘብ ለቅመን ስንጨርስ ቀብሩ አልፏል። እህታችን አንድ ቀን እንኳን አልወቀሰችኝም። ዛሬ ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝም እሷው ናት።

ያልተነካ ገንዘብ ሥራ የፈታ ገንዘብ አይደለም። ነፋስ እንደሚጠብቅ ወፍጮ ነው። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የክፉ ቀኑ ገንዘብ ለብቻው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በሦስት አባላት ፊርማ ብቻ ይውጣ፤ መዋጮ የከበዳት እህት ካለች ደግሞ ለኮሚቴው በምስጢር ትንገረን፣ እንደ አቅሟ እንቀንስላት። አካፋዋን ተክላ እንድትሄድ አንፈልግም። የደጋፊዎቻችን እርዳታም ለሥልጠናውና ለልጆቹ ትምህርት ይዋል፤ የክፉ ቀናችንን ግድብ እኛው እንጠብቀው።

ድምፅ ስትሰጡ ይህን እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ።