የብስክሌት ካቴናና ጥርስ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው ሁሉ፣ የማኅበራችን ብስክሌት ለቅሶ በደረሰ ቁጥር መልእክተኛችን ወደ ገጠር ዘመድ የሚገሰግስበት የጋራ ንብረታችን ነው። ስልክ አለ ብንልም፣ ስልክ የማይሰማበት ጎጥ ብዙ ነው። ባለፈው ሐምሌ መልእክተኛችን ለመርዶ ሲሄድ ዳገት ላይ ካቴናው ተበጠሰበት። በጭቃ ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰ። የሟች ወንድም ፍኖተ ሰላም የገባው ግን ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሰውየው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ዓይኑን ማየት አፍራለሁ።

ጥፋቱ የመልእክተኛው አይደለም፤ የእኔ ነው። ካቴናው አልቋል ሲሉኝ «እስኪበጠስ ይሂድ፤ የማኅበር ገንዘብ አናባክን» ያልሁ እኔ ነኝ። ኋላም አዲስ ካቴና ብንገዛ በተበላው ጥርስ ላይ እየዘለለ አልሄድ አለ። ስለዚህ ጥርሱንም ገዛን። ቁጠባ ያልሁት እጥፍ ወጪ ሆነ። እኔ ከ6ኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ጠጋኞችን እየጠየቅሁና ራሴም እየለካሁ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ካቴና ለምን ይረዝማል? ብረቱ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ይመስለን ነበር፤ አይደለም። ይህን ዓይነት ካቴና እ.ኤ.አ. በ1880 ሃንስ ሬኖልድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አወጣው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ሚስማር አለች፤ በላይዋም ተንከባላይ ቀለበት ይዞራል። አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ሆኖ ሚስማሯን ይበላታል። በአንዱ መጋጠሚያ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢበላ፣ በ100 መጋጠሚያ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እኛ ታዲያ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስበን እናጠብቀዋለን። ይህ መላላቱን ይሸፍናል እንጂ ማለቁን አያስቀርም።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ይቆያል? በንጽሕና ተይዞ በአስፋልት የሚሄድ ካቴና ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በቀን 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ300 ቀን 3,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል ማለት ነው። ወደ ጂጋና ወደ ማንኩሳ በአስፋልቱ ለሚመላለስ ይህ ይሠራል። ከአስፋልቱ ወጥቶ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ለሚውል ግን፣ ካልተጸዳ ግማሹን እንኳ ላይደርስ ይችላል። እንደኛ ያለው ማርሽ የሌለው ብስክሌት ካቴናው ወፈር ስለሚል ከባለ ማርሹ የተሻለ ይቆያል። ካቴናው በወቅቱ ከተለወጠ፣ የኋላው ጥርስ 2 ወይም 3 ካቴና ያስጨርሳል። የፊቱ ከዚያም ይበልጣል። ምክንያቱም የፊቱ 44፣ የኋላው 20 ጥርስ ቢኖረው፣ የፊቱ አንዴ ሲዞር የኋላው ከሁለት ጊዜ በላይ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ በምን ይታወቃል? በተማሪ ማስመሪያ። የአንዷን ሚስማር መኻል ዜሮ ላይ አድርጉ፤ ቀጥላ ያለችውን አንድ ብላችሁ እስከ 20 ቁጠሩ። ካቴናው አዲስ ከሆነ 20ኛዋ 25 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ላይ ትውላለች። 25 ከ5 ተኩል ካለፈች ገንዘብ ማዘጋጀት ነው። 25 ከ6 ተኩል ከደረሰች ያለ ክርክር ይለወጥ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ጥርሱን ይዞት ይሄዳል። የጥርሱ ጫፍ ሾሎ እንደ መጋዝ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ እሱም አልቋል።

አራተኛ፣ አያያዙ። በየሳምንቱ በጨርቅ መጥረግ፤ ጭቃ ከገባው በነጭ ጋዝ አጥቦ ማድረቅ፤ ከዚያ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት አድርጎ ከላይ የተረፈውን መጥረግ ነው። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ይገኛል ብዬ እቀባው ነበር፤ ለካስ በውስጡ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ አለበት። የኑግ ዘይትም ውሎ ሲያድር እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል።

በመሆኑም ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሁለት ወሩ ካቴናው በስብሰባችን ፊት ይለካ፤ ልኩም በመዝገብ ይጻፍ። ለመለወጫ የሚሆን ገንዘብ ከወርኃዊ መዋጮው ላይ ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ። ማጽዳቱን በየወሩ በተራ እንያዘው፤ የመጀመሪያውን ወር እኔ እይዛለሁ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የካቴና ዋጋ ይገኛል፤ ወንድሙን ሳይቀብር ለቀረ ሰው ግን የምንከፍለው የለንም።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ፍኖተ ሰላም